ሆቴል ውስጥ ሰው ሲያስመልሰው፦ የሆድ ቫይረስ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይዛመት ምን ይደረግ?

ሐይቅ ዳር ካሉ የሐዋሳ ሆቴሎችና እንግዳ ማረፊያዎች ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ ይህ ነው፦ «አንድ እንግዳ ምግብ አዳራሽ ውስጥ አስመለሰው። ወዲያው አጸዳን። ከአንድ ቀን በኋላ ግን አስተናጋጆቻችንም ሌሎች እንግዶችም ታመሙ። ምን አጎደልን?»

ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ከሦስቱ አንዱ ነው። በረኪናው ቀጥኗል፣ ወለሉ ላይ የቆየበት ጊዜ አጥሯል፣ ወይም የታመመ ሠራተኛ ቶሎ ወደ ሥራ ተመልሷል። ይህ መመሪያ ሦስቱንም ለማስተካከል የተጻፈ ነው። ለሆቴል ባለቤት፣ ለጽዳት ኃላፊ፣ ለወጥ ቤት ኃላፊ፣ የሠርግና የስብሰባ አዳራሽ ለሚያከራይም ይሆናል።

ትልልቅ የባሕር መዝናኛ መርከቦች ላይ ስለሚነሳው የሆድ ሕመም ሰምታችሁ ይሆናል። የዚያ ዋነኛው መንስኤ ኖሮቫይረስ የሚባል ቫይረስ ነው። መርከብ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው ለቀናት ከአንድ ቡፌ ይበላል፣ አንድ የደረጃ መደገፊያ ይጨብጣል፤ ሠራተኞቹም ጠባብ ክፍል ተጋርተው ያድራሉ። ለቫይረሱ የሚመቸው ይህ መተፋፈግ ነው። በታኅሣሥ ገብርኤል፣ በፍቼ ጫምባላላ ወይም በትልቅ ስብሰባ ሰሞን ክፍሉ ሁሉ የተያዘበት ሆቴልም ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

የዚህን ቫይረስ አምስት ጠባዮች ካወቃችሁ ከታች ያሉት እርምጃዎች ለምን እንደተቀመጡ ይገባችኋል።

ሰው ቫይረሱ ከገባበት በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታመማል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ያስመለሰው እንግዳ የያዘው ምናልባት ከናንተ ቤት ሳይደርስ ነው፤ እሱ ያስያዛቸው ሰዎች ደግሞ የሚታመሙት ነገና ከነገ ወዲያ ነው። ሕመሙ በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ቀን ይቆያል።

ለማሳመም ከ100 ያነሱ የቫይረስ ቅንጣቶች ይበቃሉ። በታማሚ ዓይነ ምድር ውስጥ ያሉት ግን በቢሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው። ለዓይን ንጹሕ የሚመስል የበር እጀታ የሚያሳምመው ለዚህ ነው።

ሰው ሲያስመልስ የማይታዩ ጥቃቅን ጠብታዎች ወደ አየር ይወጡና ዙሪያው ባለው ጠረጴዛ፣ ምግብና ወንበር ላይ ያርፋሉ።

የአልኮል ሳኒታይዘር ይህን ቫይረስ በአስተማማኝ ሁኔታ አይገድለውም። ኮሮናን የሚገድለው የቫይረሱን የስብ ሽፋን አፍርሶ ነው፤ ኖሮቫይረስ ያ ሽፋን የለውም። እጅ ላይ የሚሠራው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አሽቶ ማጠብ፣ ዕቃና ወለል ላይ የሚሠራው ደግሞ በትክክል የተመጠነ በረኪና ነው።

የዳነ ሰው ደኅና ከሆነ በኋላም ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ቫይረሱን በዓይነ ምድሩ ሊያወጣ ይችላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

እነዚህን በአንድ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ አስቀምጡና ለምግብ አዳራሹ ቅርብ በሆነ ቦታ ይቆዩ። ትውከት ወለል ላይ እያለ ጓንት ፍለጋ መጋዘን መሮጥ አይገባም።

• ያልተከፈተና ጥንካሬው በመቶኛ የተጻፈበት በረኪና፣ 1 ሊትር
• ሚሊ ሊትር የሚያሳይ መለኪያ (ምልክት ያለው አሮጌ ጡጦ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሕፃን አይመለስም)
• የላስቲክ ወይም የሚጣል ጓንት፣ ቢያንስ 4 ጥንድ
• አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ማስክ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር
• የላስቲክ ሽርጥና ጣቱ የተሸፈነ ጫማ (በነጠላ ጫማ አይሠራም)
• ሶፍት ወይም የሚጣል ጨርቅ፣ በብዛት
• ሁለት ጠንከር ያሉ ካርቶኖች፣ ለማፈስ
• ወፍራም የቆሻሻ ፌስታል፣ ቢያንስ 4
• ኦሞ ወይም ፈሳሽ ሳሙና
• ሰዓት፣ ወይም የስልክ ሰዓት

የበረኪና አመጣጠን

መጀመሪያ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ገበያ ላይ 4 በመቶም 5 በመቶም ይገኛል። በጆግ እየተቀዳ የሚሸጠውንና ጽሑፍ የሌለበትን ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ፤ ጥንካሬው ካልታወቀ ልኩ ሊወጣ አይችልም።

ጠንካራው ውህድ (0.5 በመቶ) ትውከት ወይም ተቅማጥ ለነካው ቦታ ነው።
• በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ። ለ1 ሊትር፦ 100 ሚሊ ሊትር በረኪና፣ 900 ሚሊ ሊትር ውሃ።
• 4 በመቶ ከሆነ 1 እጅ ለ7 እጅ። ለ1 ሊትር፦ 125 ሚሊ ሊትር በረኪና፣ 875 ሚሊ ሊትር ውሃ።

ቀላሉ ውህድ (0.1 በመቶ) እጅ ለሚበዛባቸው ቦታዎች ነው፦ እጀታ፣ መደገፊያ፣ ጠረጴዛ።
• 5 በመቶ ከሆነ 10 ሊትር ለሚይዝ ባልዲ 200 ሚሊ ሊትር በረኪና አድርጉና በውሃ እስከ 10 ሊትር ሙሉት።
• 4 በመቶ ከሆነ ለዚያው ባልዲ 250 ሚሊ ሊትር።

የምትጠቀሙበት ውሃ ቀዝቃዛ ይሁን። ሙቅ ውሃ በረኪናውን ያዳክመዋል፣ ትነቱም ጉሮሮ ያቃጥላል። ውህዱን በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፤ ከትናንት የተረፈው ይደፋ።

ትውከት ሲያጋጥም፣ ደረጃ በደረጃ

1. ሰዎችን አርቁ። በየአቅጣጫው 8 ሜትር ያህል ቦታ ልቀቁ። የታመመውን ሰው ወደ ክፍሉ ወይም ለብቻው ወደተለየ ሽንት ቤት አንድ ሰው ብቻ ያድርሰው። በዚያ ክልል ውስጥ ተከፍቶ የነበረ ምግብ፣ ሳህን ላይ የቀረበ እንጀራ፣ የተቆረጠ ፍራፍሬ ሁሉ ይጣል። በጠብታው ተነክቶ እንደሆነ በዓይን መለየት አይቻልምና አትሳሱ።

2. መስኮት ክፈቱ፣ ፋኑን አጥፉ። ፋን ጠብታውን ወደ ሌላው የአዳራሹ ጥግ ይነዳዋል።

3. ልበሱ። ጓንት ሁለት ድርብ፣ ማስክ፣ መነጽር፣ ሽርጥ። ድርብ ጓንት የሚጠቅመው በሥራው መሐል የቆሸሸውን የላይኛውን አውልቃችሁ እጃችሁ ሳይጋለጥ መቀጠል ስለምትችሉ ነው።

4. ሸፍኑ፣ ከዚያ አፍሱ። ሶፍት ወይም ጨርቅ በላዩ ጣል አድርጉና ፈሳሹ እስኪመጠጥ ጠብቁ። ከዚያ በሁለቱ ካርቶኖች ከውጭ ወደ መሐል እየሰበሰባችሁ ወደ ፌስታል ክተቱ። ከመሐል ወደ ውጭ ከተጠረገ የቆሸሸው ቦታ ይሰፋል። በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ፤ ቫኪዩምም አታስነሱ፣ ሁለቱም ቫይረሱን ወደ አየር ይበትኑታል።

5. በኦሞና በውሃ እጠቡ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ በረኪና ትውከቱ ላይ ያፈሳል። በረኪና ቆሻሻ ሲያገኝ ኃይሉን እዚያው ቆሻሻው ላይ ይጨርስና ለቫይረሱ የሚተርፍ አይኖረውም። ማለቅለቁም በረኪናው ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳይደባለቅ ይረዳል።

6. ጠንካራውን ውህድ አፍስሱ፣ 10 ደቂቃ በሰዓት ቁጠሩ። ቦታው እስከ መጨረሻው እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። በሐዋሳ የቀን ሙቀት ወለል ቶሎ ይደርቃል፤ ከ10 ደቂቃ በፊት ከደረቀ ጨምሩበት። ትውከቱ የታየበትን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን 2 ሜትር ያህል ያዳርስ። በመርጫ ጠርሙስ አትርጩ፤ ርጭቱ ትንፋሽ ውስጥ ይገባል፣ ቦታውንም በእኩል አያዳርስም።

7. በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። የምግብ ጠረጴዛ ከሆነ ይህን ፈጽሞ አትለፉ።

8. የሚጨበጠውን ሁሉ በቀላሉ ውህድ አብሱ። ታማሚው ከወንበሩ እስከ ክፍሉ የሄደበትን መንገድ ተከተሉ፦ የወንበር መደገፊያ፣ የበር እጀታ፣ የሊፍት ቁልፍ፣ የደረጃ ብረት፣ የመብራት ማብሪያ፣ የቧንቧ እጀታ፣ የሽንት ቤት ውሃ መልቀቂያ፣ የእንግዳ መቀበያው እስክሪብቶ፣ ሜኑ። ሪሞትና ስልክ በውህዱ በረጠበ ጨርቅ ይታበሱ፤ ውህዱ አይፈስባቸው። ንጹሕ ከሆነው ጀምራችሁ ወደ ቆሸሸው ሂዱ፤ ሽንት ቤት መጨረሻ ይሁን፣ የሽንት ቤት ጨርቅም ወደ ክፍል አይመለስ።

9. አውልቁና እጅ ታጠቡ። የላይኛው ጓንት፣ ሽርጥ፣ የታችኛው ጓንት፣ በመጨረሻ መነጽርና ማስክ። የሚጣለው ሁሉ በድርብ ፌስታል ታስሮ ይውጣ። ከዚያ እስከ ክርን ድረስ በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ታጠቡ፤ ጥፍር ሥርና የጣት መሐል አይረሳ። ጓንት አድርጌ ነበር ብሎ መታጠብን መተው አይሠራም፤ እጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚበከለው ጓንቱ ሲወልቅ ነው።

ምንጣፍና ሶፋ ላይ በረኪና ቀለም ይነቅላል። በእንፋሎት ማጽጃ በ100 ዲግሪ ለ1 ደቂቃ፣ ወይም በ70 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ እየያዛችሁ አጽዱ። ማሽኑ ከሌላችሁ ምንጣፉን ከአገልግሎት አውጡት። ከተቻለ ምግብ አዳራሽ ውስጥ ጭራሽ ምንጣፍ ባይነጠፍ ይሻላል።

አንሶላና ፎጣ

አታራግፉ። ከውስጥ ወደ ውስጥ እየጠቀለላችሁ አልጋው አጠገብ ፌስታል ውስጥ ክተቱ፤ በክንድ ታቅፎ ደረጃ መውረድ የሠራተኛዋን ልብስ ይበክላል። ጠጣሩን ቆሻሻ በሶፍት አንሡ። ማሽን ካላችሁ ግማሹን ብቻ ሞልታችሁ በረጅሙና በጣም ሙቅ በሆነው ፕሮግራም አስኪዱ፤ ከጠበበ ውሃው አያዳርሰውም። በእጅ የሚታጠብ ከሆነ አጣቢዋ ጓንት ታድርግ፤ ነጭ ጥጥ ከታጠበ በኋላ በቀላሉ ውህድ 10 ደቂቃ ይነከር፣ ባለ ቀለሙ የሚችል ከሆነ ይቀቀል። ደርቆ በትኩስ ካውያ ይተኮስ።

የታመመ ሠራተኛ

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ያስመለሰው ወይም ያስቀመጠው ሠራተኛ ትውከቱና ተቅማጡ ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ ሌላ 48 ሰዓት ከሥራ ይርቃል። ወጥ ቤት የሚሠራ ከሆነ ከዚያም በኋላ ለጥቂት ቀናት ምግብ ከማይነካበት ሥራ ላይ ይመደብ።

ደንቡ የሚፈርሰው በደመወዝ ምክንያት ነው። የቀረበት ቀን የሚቆረጥበት፣ ከጉርሻውም የሚጎድልበት አስተናጋጅ ሆዱን ይዞ ይመጣል እንጂ አይናገርም። ለእነዚያ ቀናት ክፈሉት። አንድ ሳህን የያዘ የታመመ እጅ ሙሉ የሠርግ አዳራሽ ሊያሳምም ይችላል፤ ከዚያ ኪሳራ የሁለት ሦስት ቀን ደመወዝ በብዙ ያንሳል። ሠራተኞች በግቢው ውስጥ አብረው የሚያድሩ ከሆነ ለታመመው የተለየ ክፍልና የተለየ ሽንት ቤት ይሰጠው።

ወጥ ቤትና ቡፌ

ዋናው አደጋ ከተነካ በኋላ እሳት የማያይ ምግብ ነው፦ ሰላጣ፣ የተቆረጠ ፍራፍሬ፣ ክትፎ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ሐዋሳ ላይ ደግሞ ጥሬ ዓሣ። እንጀራም እዚህ ውስጥ ነው፤ ምጣድ ላይ ቢበስልም በኋላ በእጅ ይጠቀለላል፣ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል። እነዚህን የሚያዘጋጅ ሰው እጁን በሳሙና ታጥቦ ጓንት ያድርግ፤ ገንዘብ ወይም ስልክ ከነካ ጓንቱን ይለውጥ። ሁለተኛ የታመመ ሰው ከታየ ጥሬ ምግቦቹን ከሜኑ አውጡ።

ቫይረሱ 60 ዲግሪ ሙቀትን ሊቋቋም ይችላል። ወጥ ሞቅ ማለቱ አይበቃም፤ ይፍላ።

ሕመም በተነሣ ሰሞን፦
• ቡፌ ላይ እንግዳ ራሱ አይቅዳ፤ ጓንት ያደረገ አስተናጋጅ ይቅዳለት። መቶ እጅ የሚጨብጠው ጭልፋ አንድ እጅ ብቻ ይዞት ይውላል ማለት ነው።
• በአንድ ትሪ ከማቅረብ ይልቅ ለየሰው በየሳህኑ አቅርቡ። መጎራረስ ለጊዜው ቢቀር ብላችሁ በትሕትና ንገሩ፤ ምክንያቱ ከተነገረ ማንም አይቀየምም።
• መታጠቢያው ጋ ፈሳሽ ሳሙና ይኑር። የጋራ ፎጣ ይነሣ፣ ሶፍት ይተካ። ሳኒታይዘሩ በሳሙና ቦታ እንዳይቆም ወደ ጎን አርቁት።
• ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ ያለው በርሜል ወይም ጀሪካን በሽንት ቤቱ በርና በወጥ ቤቱ በር ላይ ይቁም። የእጅ መታጠቢያ ውሃ ከሌለ ወጥ ቤቱ ሥራ ያቁም።

የታመመው እንግዳ

ክፍሉ ውስጥ እንዲቆይ ጠይቁት። ምግብና ውሃ በር ላይ ይቀመጥለት፣ የሚያስተናግደው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ከተቻለ የክፍሉ ኪራይ ላይ አስተያየት አድርጉለት፤ ካልሆነ ሕመሙን ደብቆ ቡፌው ጋ ይሰለፋል።

ፈሳሽ መተካት ዋናው ሕክምና ነው። ከመድኃኒት ቤት ለምለም (ኦ.አር.ኤስ) ገዝታችሁ አስቀምጡ፤ አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ ቀስ ብሎ ይቀጥል። ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት (አንቲባዮቲክ) ቫይረስ ላይ አይሠራም፤ ከሪሴፕሽን መሳቢያ አውጥታችሁ አትስጡ። ለልጅ የተቅማጥ ማቆሚያ አትስጡ።

ሳይዘገይ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች፦ የሩዝ ውሃ የመሰለ ብዙ ተቅማጥ፣ ደም፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የጠጣውን ሁሉ ማስመለስ፣ ሽንት መጥፋት፣ ዓይን መሰርጎድ፣ መፍዘዝ። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና አዛውንት ከሆኑ ምልክቱ እስኪከፋ አትጠብቁ። ኮሌራና ኖሮቫይረስ ሲጀምሩ በዓይን አይለዩም፤ ኮሌራ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

መመዝገብና ማሳወቅ

አንድ ደብተር አኑሩ፦ የክፍል ቁጥር ወይም የሥራ ክፍል፣ ሕመሙ የጀመረበት ቀንና ሰዓት፣ ትውከት ወይስ ተቅማጥ፣ ባለፉት 2 ቀናት የበላበት ቦታ። ደብተሩ ሕመሙ ከአንድ ምግብ እንደመጣ ወይም ከሰው ወደ ሰው እየሄደ እንደሆነ ያሳያል፤ ብዙ ሰው በተቀራራቢ ሰዓት ከታመመ ምግብ ወይም ውሃ ይጠረጠራል፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ ከሄደ ንክኪ ነው።

በአሜሪካ የመርከቦች ጤና ቁጥጥር ከተሳፋሪው ወይም ከሠራተኛው 3 በመቶው ሲታመም ጉዳዩ ለሕዝብ ይፋ ይወጣል። 100 እንግዳ ላለው ሆቴል ያ 3 ሰው ነው። እናንተ ግን ከዚያ ቀደም ብላችሁ ተነሡ፦ አብረው ያልመጡ 2 ሰዎች በ48 ሰዓት ውስጥ ከታመሙ ከላይ ያለውን ሁሉ ጀምሩ፤ በአቅራቢያችሁ ላለው ጤና ጣቢያም አሳውቁ። ኮሌራን የመሰለ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) ከተጠረጠረ አንድ ታማሚም ቢሆን ወዲያው ይነገር።

የተጠናከረውን ጽዳት የመጨረሻው ታማሚ ከዳነ 48 ሰዓት እስኪሞላው አታቁሙ። ሽንት ቤቶቹ ግን ለተጨማሪ 2 ሳምንት በየቀኑ በቀላሉ ውህድ ይጽዱ፤ የዳኑት ሰዎች አሁንም ይጠቀሙባቸዋልና።

ማስጠንቀቂያ

በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ፣ ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትደባልቁ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ በጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል። ሽንት ቤቱ ጠዋት በአሲድ ታጥቦ ከሆነ በብዙ ውሃ ሳይለቀለቅ በረኪና አይፍሰስበት።

የተበጠበጠ በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ውሃ መስሎት የሚጠጣ አይጠፋም፣ በተለይ ልጅ። ዓይን ውስጥ ከገባ በንጹሕ ውሃ 15 ደቂቃ እያጠቡ ወደ ሕክምና መሄድ ነው። አስም ያለበት ሠራተኛ ይህን ሥራ አይሥራ።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

በረኪናውን አፍስሶ ወዲያው መወልወል። ሽታው ጸድቷል ያሰኛል፤ ቫይረሱ ግን ጊዜ አላገኘውም። ተመሳሳይ ስሕተት የሚሠሩት ጥሩ ሽታ ባለው የወለል ማጽጃ የሚተማመኑ ናቸው፤ ብዙዎቹ ይህን ቫይረስ አይገድሉም።

በግምት መበጥበጥ። «ትንሽ ጨመር አድርጊበት» ከተባለ አንዱ ቀን ቀጥኖ ከንቱ ይሆናል፣ ሌላው ቀን ወፍሮ የሠራተኛዋን እጅ ይልጣል። ልኩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ባልዲው ክዳን ላይ ለጥፉ።

አንዱን መወልወያ ከሽንት ቤት ወደ ኮሪደር፣ ከኮሪደር ወደ ምግብ አዳራሽ ማዞር። በቀለም ለዩአቸው፦ ቀይ ባልዲ ለሽንት ቤት፣ ሰማያዊ ለክፍል፣ አረንጓዴ ለምግብ አዳራሽ።

ያረጀ በረኪና። መስኮት ዳር ወይም ጄኔሬተር ቤት ውስጥ የተቀመጠ በረኪና በሙቀትና በፀሐይ ይዳከማል። ጥላ ባለበት፣ ቀዝቃዛ ቦታ፣ ክዳኑ ጠብቆ ይቀመጥ። የተገዛበትን ቀን በማርከር ጻፉበት፣ ቀድሞ የተገዛው ቀድሞ ይውጣ።

እንግዳ በጀልባ ሐይቁ ላይ የምታዝናኑ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የጀልባ መናወጥ ያስመለሰውና የታመመ ሰው መለየት አይቻልም፤ ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርጋችሁ አጽዱ። በየወንበሩ ሥር ወፍራም ፌስታል ይኑር። ፌስታሉም የታጠበበት ውሃም ሐይቁ ውስጥ አይጣል፤ ወደ ዳር ይውጣና ሽንት ቤት ይደፋ። የተበከለው የሕይወት አድን ጃኬት በሳሙና ታጥቦ በጥላ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ለሌላ ሰው አይሰጥ፤ ጠንካራ የበረኪና ውህድ ስፌቱንና ጨርቁን ስለሚበላው ጃኬት ላይ አትጠቀሙበት።